የበሬ ሥጋና ነፃነት፦ በለንደን ቲያትር ቤት ጣሪያ ሥር የኖረ ማዕድ

በለንደን ከተማ ኮቬንት ጋርደን በተባለው የገበያ ሰፈር በ1732 በአውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ትልቅ ቲያትር ቤት ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ጆን ሪች ይባላል። ይህ ሰው በተውኔት ታሪክ ውስጥ የሚነሣው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ቃል ሳይተነፍስ በአካሉ እንቅስቃሴ ብቻ ተመልካቹን ሲያስቅና ሲያስደንቅ ማምሸት የሚችል የፓንቶሚም ተዋናይ መሆኑ ነው፤ ሃርለኩዊን የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ከእንቁላል ውስጥ ሲፈለፈል ያሳየው ትርኢት እርሱ ከሞተ በኋላም ሲወራ ኖሯል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሌላው ቲያትር ቤት አልፈልግም ብሎ የመለሰውን የጆን ጌይን «የለማኞች ኦፔራ» ተቀብሎ በ1728 ለመድረክ ማብቃቱ ነው። ሌቦችና የወህኒ ቤት ጠባቂዎች የሚዘፍኑበት፣ ሹማምንትን ከወንበዴ ጋር በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ያ ተውኔት በመጀመሪያው የትርኢት ዘመን ብቻ 62 ጊዜ ታየ። በእንግሊዝኛ «ጌይ» ደስተኛ፣ «ሪች» ሀብታም ማለት ስለነበረ፣ የከተማው ቀልደኛ ሁሉ ተውኔቱ ደስተኛውን ሀብታም፣ ሀብታሙንም ደስተኛ አደረገው እያለ ይስቅ ነበር። ለኮቬንት ጋርደኑ ሕንፃ መንገዱን የጠረገውም ይኸው ገቢ ነው።

እዚህ ላይ ላወጋው የፈለግሁት ግን በመድረኩ ላይ ስለታየው ሳይሆን ከመድረኩ በላይ በነበረ ክፍል ውስጥ ስለተበላው ነገር ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ጥቂት ጓደኛሞች በየቅዳሜው እየተሰበሰቡ የበሬ ሥጋ ይበላሉ። ሆኖም ይህ ልማድ በ1735 ተጀምሮ እስከ 1867 ድረስ 132 ዓመት ሲዘልቅ፣ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ አሜሪካ ከእንግሊዝ እጅ ወጥታለች፤ የፈረንሳይ ንጉሥ አንገቱ ተቆርጧል፤ ቲያትር ቤቱም ሁለት ጊዜ አብሮ ነዷል። ማዕዱ ግን አልታጠፈም። አንድ የወዳጆች ገበታ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ቆመ? በምንስ ወደቀ? ጥያቄው የኪነ ጥበብን ሰው የሚመለከተው፣ ገበታውን የዘረጉት የቲያትር ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ስለ አጀማመሩ ሁለት ታሪኮች ይነገራሉ። አንደኛው እንዲህ ነው፦ ጆርጅ ላምበርት የተባለ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ለኮቬንት ጋርደን የመድረክ መጋረጃዎችንና ትዕይንቶችን ይሥል ነበር። ሥራው ስለሚበዛበት ለምሳ ወደ መጠጥ ቤት ለመሄድ ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ በሥዕል ክፍሉ ባለው ምድጃ ፍም ላይ ፍርግርግ ብረት ጥዶ፣ ወፈር ተደርጎ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ፣ ማለት እንግሊዞች ስቴክ የሚሉትን፣ ራሱ እየጠበሰ ይበላል። ሥራውን ለማየት ብቅ የሚሉ ወዳጆቹና የከተማው ታላላቅ ሰዎች ሽታው እየሳባቸው ከጎኑ መቀመጥ ጀመሩ፤ ማኅበሩም ከዚያ ተወለደ ይባላል። ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ የፒተርቦሮው መኳንንት የነበረው አዛውንት የጦር አለቃ ጆን ሪችን ሊጎበኝ መጥቶ፣ ጨዋታው ስለጣመው ሰዓቱ አልፎበት፣ ሪች በምድጃው ላይ ጠብሶ ያቀረበለትን ስቴክ ቀምሶ «ይህ ነገር በየሳምንቱ ይሁን» አለ የሚል ነው።

በበኩሌ የማምነው የመጀመሪያውን ነው። የፒተርቦሮው ባላባት በ1735 በጥቅምት ወር ስለሞተ፣ በዚያው ዓመት የማኅበር መሥራች ሆኖ በየሳምንቱ ሊመላለስ የሚችል ጤና ነበረው ለማለት ያስቸግራል። ከዚህም በላይ፣ ማንኛውም ድርጅት ስምና ክብር ካገኘ በኋላ ለራሱ ባላባት አያት ይፈልጋል፤ ይህ በእኛም አገር የታወቀ ነው። ላምበርት ግን እጁ በቀለም የተበከለ፣ የሚሠራው ሥራ ምሳውን የነጠቀው ሰው ነው። ፍርግርጉ ብረትም የማኅበሩ ዓርማ ሆኖ የቀረው ከባላባት አዳራሽ ሳይሆን ከሠራተኛ ክፍል ስለመጣ ይመስለኛል።

ማኅበሩ ስሙን «ልዑሉ የቢፍስቴክ ማኅበር» አለ። «ልዑል» የተባለው ከፍ ያለ፣ የላቀ ለማለት ነው፤ ቁራጭ ሥጋን ከሰማያዊ ቃል ጋር ማጣመሩ ራሱ ቀልድ መሆኑ ግልጽ ነው። አባላቱ ክለብ ተብሎ መጠራትን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። ክለብ ማለት በክፍያ የሚገባበት ቤት ነው፤ እኛ ግን ማኅበር ነን ይሉ ነበር። የአባላቱ ቁጥር ከ24 እንዳያልፍ ተወሰነ። አንድ ወንበር የሚለቀቀው በሞት ወይም በፈቃድ ነው። ስብሰባው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከኅዳር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ነበር። የሚበላው ስቴክ ብቻ፤ ከአጠገቡ ድንች፣ ቀይ ሽንኩርትና ቀይ ሥር፤ በመጨረሻም የተጠበሰ አይብ። የሚጠጣው ፖርት የተባለው ወይን፣ ጥቁር ቢራና ፖንች ነበር። ሥጋው በጋለ የቆርቆሮ ሳህን፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ከፍሙ እየተነሣ ይቀርባል። አባላቱ ሰማያዊ ኮትና ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሰደርያ ይለብሳሉ፤ በነሐስ ቁልፎቻቸው ላይ ፍርግርጉ ብረትና «የበሬ ሥጋና ነፃነት» የሚለው መፈክር ተቀርጿል።

የጽዋ ማኅበር ልማድ ላለው ለእኛ አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም። ቁጥሩ የተወሰነ አባል፣ የተወሰነ ቀን፣ ለማኅበሩ ሥርዓት የሚታዘዝ ሙሴ፣ የቀረ የሚቀጣበት ደንብ፣ ምግቡም በአንድ ዓይነት የጸና መሆኑ ሁሉ ከእኛው ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ የእኛ ማኅበር በቅዱስ ወይም በእመቤታችን ስም ሲጠጣ፣ የእነርሱ በበሬ ስም መቆሙ ነው። ቅድስናውን ግን ጨርሰው አልተዉትም፤ በቀልድ መልክ አስገብተውታል።

እንዴት ቢሉ፣ ከአባላቱ አንዱ «ጳጳስ» ተብሎ ይሾምና ማዕዱን በዜማ ይባርካል። ሌላው «መዝጋቢ» ነው፤ ሥራው ጥፋት አድርጓል የተባለውን አባል በጉባኤው ፊት መገሠጽ ነው። ጥፋተኛው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆምና ተግሣጹን ይቀበላል፤ ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ቢገሠጽ ማንም አይደነቅም። አዲስ አባል ሲገባ ዓይኑ ታስሮ ይቀርባል። በቀኙ ጳጳሱ አክሊሉን ደፍቶ የመሐላውን መጽሐፍ ይዞ ይቆማል፤ በግራው ሌላው አባል ሰይፍ ይዟል፤ ከኋላው ጦር ያነገቡ ዘበኞች አሉ። ሁሉም የለበሱት እርስ በርሱ የማይገጥም፣ ከቲያትር ቤቱ የአልባሳት ክፍል የተለቀመ ልብስ ነው። አዲሱ አባል መሐላውን ከፈጸመ በኋላ መጽሐፉን እንዲሳለም ይታዘዛል፤ ከንፈሩ ሊደርስ ሲል ግን መጽሐፉ ይነሣና የበሬ አጥንት በቦታው ይተካል። አጥንቱን ተሳልሞ ዓይኑ ይፈታል።

ተውኔት ለሚጽፍ ሰው ይህ ሥርዓት ብዙ ነገር ይነግረዋል። በመድረክ ላይ ንጉሥ የነበረው ተዋናይ እላይ ክፍል ሲወጣ የወዳጁ አሽከር ይሆናል፤ በውጭ መኳንንት የሆነው ደግሞ እዚህ ይላካል። ደንቡም እንዲህ ይል ነበር፦ በመጨረሻ የገባው አባል «ቡትስ»፣ በእኛ አነጋገር የጫማው አሽከር፣ ተብሎ ይጠራል። ወይኑን ከጓዳ የሚያመጣ፣ ሌሎቹ ከመቀመጣቸው በፊት የሚያስተናግድ እርሱ ነው፤ ከዚህ ሥራ ነፃ የሚወጣውም ሌላ አዲስ አባል ሲገባ ብቻ ነው። ማዕርግ አያድንም። የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ልጅ የሆነው የሰሴክስ መስፍን በ1808 ሲመረጥ «ቡትስ» ሆነ፤ እስከ 1809ም ወይን ሲያመላልስ ከረመ። ከዚህ አገልግሎት ያወጣው ሳሙኤል ጄምስ አርኖልድ የተባለ ጸሐፌ ተውኔትና የቲያትር ሥራ አስኪያጅ መመረጡ ነበር። የንጉሥ ልጅ በጸሐፌ ተውኔት ትከሻ ነፃ የወጣበት ሌላ ታሪክ አላነበብሁም። በእርግጥ ይህ እኩልነት በሩ እስኪከፈት ድረስ የሚቆይ ነው፤ መስፍኑ ከደረጃው ሲወርድ ሠረገላው ይጠብቀዋል፤ ሥጋውን የጠበሱት የምድጃ ሰዎች ግን በማኅበሩ ዝና ውስጥ ስማቸው የለም።

ለምን የበሬ ሥጋ ሆነ? በዚያ ዘመን እንግሊዝና ፈረንሳይ ዓመት ቆጥረው ይዋጉ ነበር። የፈረንሳይ ወጥና ቅመም በመኳንንቱ ገበታ ላይ ሲሰለጥን፣ መሐከለኛው የከተማ ሰው ደግሞ ያለ ወጥ፣ ያለ ጌጥ፣ በፍም የተጠበሰ የበሬ ሥጋን የአገሩ ምልክት አደረገው። ጸሐፌ ተውኔቱ ሄንሪ ፊልዲንግ በ1731 ስለ እንግሊዝ ጥብስ የጻፈው ዘፈን በቲያትር ቤት ውስጥ ተመልካቹ አብሮ የሚያዜመው ሆኖ ነበር። ከማኅበሩ ቀደምት አባላት አንዱ የነበረው ሠዓሊ ዊሊያም ሆጋርትም በዚሁ ነገር ላይ አንድ የታወቀ ሥዕል አለው። ሆጋርት ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በካሌ ከተማ የከተማዋን በር ሲነድፍ ሰላይ ነህ ተብሎ ተያዘ። ወደ አገሩ ሲመለስ በ1748 ቂሙን በቀለም ተወጣ፦ አንድ አሳላፊ ለእንግሊዞች ማረፊያ ቤት የተላከ ትልቅ የበሬ ሽንጥ ተሸክሞ ሲያልፍ፣ የከሱ የፈረንሳይ ወታደሮች ቀጭን ሾርባቸውን ይዘው ይቋምጣሉ፤ ወፍራም መነኩሴ ደግሞ ሥጋውን በጣቱ ይነካል። ሆጋርት ራሱንም በአንድ ጥግ ሲነድፍ አሳይቷል፤ በትከሻው ላይ የሚይዘው እጅ አርፏል።

ሥዕሉ ብልሃት አለው፤ ትዕቢትም አለው። የጎረቤትን ሕዝብ ረኃብ ለማሾፊያ ማዋል የሆጋርትን ያህል የድሆችን ኑሮ ከሚያውቅ ሰው የሚጠበቅ አልነበረም። በለንደን ያሉት ድሆችም ቢሆኑ በየቅዳሜው ስቴክ አይቀርብላቸውም ነበር፤ ይህንንም ሆጋርት በኋላ፣ በ1751፣ በአልኮል ስለወደቀው የከተማ ድሃ በሠራቸው ሥዕሎች ራሱ መስክሯል። እንግዲህ «የበሬ ሥጋና ነፃነት» ሲባል፣ የማን ሥጋ፣ የማንስ ነፃነት ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ነፃነት የሚለው ቃል የተፈተነውም በማዕዱ ላይ ነው። ጄምስ ቦስዌል የተባለው ስኮትላንዳዊ ወጣት፣ በኋላ በሕይወት ታሪክ ጸሐፊነቱ ስሙ የገነነው ሰው፣ በ1762 በኅዳር ወር በእንግድነት ተጋብዞ የማኅበሩን ማዕድ ተካፈለ፤ ያየውንም በዕለት ማስታወሻው አሰፈረ። ማስታወሻው ተደብቆ ኖሮ የታተመው በ1950 ነው። ከዚያ እንደምንረዳው፣ በሊቀ መንበሩ ወንበር ላይ፣ የማኅበሩ መፈክር በወርቅ ቀለም ከተጻፈበት ድባብ ሥር የተቀመጠው ሎርድ ሳንድዊች ነበር፤ ዳቦን በሥጋ አጥፎ መብላት በስሙ የተጠራለት ያው ሰው ነው። በገበታው ዙሪያ ዘፋኙና የቲያትር ቤቱ አስተዳዳሪ ጆን ቢርድ፣ ገጣሚው ቻርለስ ቸርችል፣ እንደዚሁም ጆን ዊልክስ ነበሩ። ዊልክስ የፓርላማ አባልና የአንድ ተቃዋሚ ጋዜጣ አዘጋጅ ነው። በዚያ ማታ አብረው በሉ፣ አብረውም ዘፈኑ።

በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ወር የዊልክስ ጋዜጣ በ45ኛ ቁጥሩ የንጉሡን ንግግር ነቀፈ። መንግሥት ስም ባልተጠቀሰበት የእስር ማዘዣ ዊልክስንና አታሚዎቹን ያዘ፤ ጉዳዩም የፕሬስና የዜጋ መብት ጥያቄ ሆኖ አገር አናወጠ። ፍርድ ቤት ሲለቀው፣ ሹማምንቱ ሌላ መንገድ ፈለጉ። ዊልክስ ለወዳጆቹ መሳቂያ እንዲሆን በጥቂት ቅጂ ብቻ ያሳተመው አንድ የብልግና ግጥም ነበር። የአታሚ ሠራተኛ በገንዘብ ተደልሎ ቅጂው እጃቸው ገባ። በ1763 ኅዳር 15 ቀን በመኳንንቱ ምክር ቤት ተነሥቶ ያንን ግጥም ያነበበው፣ ያን ጊዜ ሚኒስትር የነበረው የማዕድ ወዳጁ ሎርድ ሳንድዊች ነው። አንባቢው በልቅ ኑሮው የታወቀ ሰው ስለነበረ፣ ስለ ጨዋነት ሲቆረቆር የሰሙት ሁሉ ሳቁ። ሆኖም ዊልክስ ከአገር ተሰደደ፤ ከፓርላማም ተባረረ።

ሳንድዊችስ? ሆረስ ዋልፖል በጊዜው በጻፈው ደብዳቤ ማኅበሩ ሳንድዊችን ከመካከሉ እንዳስወጣው ይነግረናል። ከዚህ የከፋው ቅጣት ግን ከመድረክ ወረደበት። በዚያው ሰሞን «የለማኞች ኦፔራ» በኮቬንት ጋርደን ሲታይ፣ ወንበዴው ጀግና ጓደኛው ጄሚ ትዊቸር አሳልፎ እንደሰጠው ሲናገር፣ ተመልካቹ ነገሩን በአንድ ጊዜ ተረድቶ አዳራሹን በሳቅና በጭብጨባ አናጋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳንድዊች እስኪሞት ድረስ ጄሚ ትዊቸር ሆኖ ቀረ። ጆን ሪችን ባለጸጋ ያደረገው ተውኔት፣ ሪች ራሱ በ1761 ከሞተ በኋላ፣ በሪች ቤት የማዕድ ጓደኛውን ለከዳው ሰው ስም አወጣለት። ጌይ ያንን ገጸ ባሕርይ ሲጽፍ ይህ ይመጣል ብሎ አላሰበም፤ ተውኔት ግን ደራሲው ያላሰበውን ሥራ ሲሠራ ይገኛል።

በአየርላንድ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በደብሊን የስሞክ አሊ ቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ ቶማስ ሸሪዳን፣ የታላቁ ጸሐፌ ተውኔት የሪቻርድ ሸሪዳን አባት፣ በስቴክ ማኅበር ስም የሚጠራ የራሱን ማዕድ ዘርግቶ ነበር። የለንደኑ ማኅበር ሴት የሚባል ወደ ማዕዱ አያስቀርብም፤ የደብሊኑ ግን አንዲት ሴት ብቻ አስገባ፤ እርሷንም ሊቀ መንበር አደረጋት። ይህች ሴት ተዋናይት ፔግ ዎፊንግተን ናት። ከድሃ ቤት ወጥታ በሁለቱ አገሮች መድረክ ላይ የነገሠች ነበረች። ችግሩ ከገበታው ላይ ነበር፤ የተቀመጡት አብዛኞቹ የእንግሊዝ አስተዳደር ደጋፊዎች ናቸው ተብሎ በከተማው ተወራ። በ1754 በቲያትር ቤቱ የቮልቴር «ማሆሜት» በእንግሊዝኛ ሲታይ፣ ስለ ብልሹ ገዥዎች የሚናገር አንድ ክፍል ተመልካቹን አስነሣና ተዋናዩ ዲግስ ንግግሩን እንዲደግመው ተጠየቀ፤ ደገመውም። ሸሪዳን ይህ አልጣመውም፤ ተዋንያኑን ሰብስቦ ወቀሰ። መጋቢት 2 ቀን ተውኔቱ ዳግመኛ ሲታይ ሕዝቡ አሁንም ይደገም አለ፤ ዲግስ ብደግመው በእኔ ላይ ጉዳት ይመጣል ሲል መለሰ። ሸሪዳን ይቅረብ ተባለ፤ አልቀርብም ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ሕዝቡም ወንበሩንና መጋረጃውን አወደመ። አንዲት ተዋናይት በሊቀ መንበርነት የተቀመጠችበት ወንበርም አብሮ አከተመ። ቁጣው በመድረክ ላይ ቢወርድም የተጠነሰሰው በእራት ገበታ ነው፤ ከማን ጋር እንደምትበላ ሕዝብ ያያል።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን የሚያደርስ አንድ ቀጭን መንገድ አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በዐፄ ተክለ ሃይማኖትና በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ቆይቶ፣ በ1774 ወደ ለንደን ሲመለስ ያየውን ማውራት ጀመረ። የሐበሻ መኳንንት ጥሬ ሥጋ እንደሚበሉ፣ ይባስ ብሎም ወታደሮች በሕይወት ካለች ላም ላይ ሥጋ ቆርጠው ቆዳዋን መልሰው ሲሰፉ በመንገድ አየሁ አለ። ለንደን ሳቀች። ጆርጅ ሴልዊን የተባለው ቀልደኛ የተናገረው ነው የሚባል አንድ ወሬ አለ፦ ብሩስ በአንድ ማዕድ ላይ ስለ ሐበሻ የሙዚቃ መሣሪያ ተጠይቆ አንድ ክራር አይቻለሁ ሲል፣ በእንግሊዝኛ የክራርና የውሸታም ስም በድምፅ አንድ በመሆኑ፣ ሴልዊን እርሱ ከወጣ ወዲህ አንድ ጎድሏል አለ ይባላል። ብሩስ ተቀይሞ መጽሐፉን ለማውጣት እስከ 1790 ቆየ። ስለ ላሟ የተናገረው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ስለ ጥሬ ሥጋው የተናገረው ግን እውነት መሆኑን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማንኛውም ሥጋ ቤት ጎራ ያለ አዲስ አበቤ ይመሰክርለታል። የሚያስገርመው፣ ስቴክን የአገር ዓርማ አድርጎ በቁልፉ ላይ የቀረጸ ከተማ፣ ከእኛ የሚለየው ፍሙ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሥጋ ወዳድነትን እንደ አውሬነት አይቶ መሳቁ ነው። ጓደኛሞች ዙሪያውን ቆመው ከሽንጥ ከዳቢት እያስቆረጡ፣ በሚጥሚጣና በአዋዜ እየነካኩ፣ አንዱ ለአንዱ እያጎረሰ የሚጨዋወቱበት ሥርዓት ከላምበርት ምድጃ በምን ያንሳል?

ወደ ማኅበሩ እንመለስ። በ1785 የዌልስ ልዑል፣ በኋላ ጆርጅ 4ኛ ተብሎ የነገሠው፣ አባል መሆን ፈለገ። ወንበር አልነበረም። ያን ጊዜ የተደረገው ነገር ሁለት ዓይነት ትርጉም አለው፤ ማንም ተነሥቶ አልለቀቀለትም፣ ነገር ግን ቁጥሩ ከ24 ወደ 25 ከፍ አለ። ወንድሞቹም ተከተሉት። ሠዓሊና ተዋናይ የመሠረቱት ገበታ ቀስ በቀስ የመሳፍንትና የሕግ ሰዎች መሰብሰቢያ እየሆነ ሄደ።

በዚያው በ1785 የገባ አንድ ገጣሚ ግን ለማኅበሩ ሌላ ዕድሜ ጨመረለት። ሻምበል ቻርለስ ሞሪስ ይባላል። የወታደር ደመወዝተኛ የነበረ፣ ሀብት የሌለው፣ ፖንቹን የሚያዘጋጅ፣ ለገበታውም ዘፈን የሚጽፍ ሰው ነው። በከተማ ኑሮ ፍቅር የተለከፈ ስለነበረ፣ የገጠርን ሕይወት የሚያሞግሱ ገጣሚዎችን ሲቀልድባቸው ኖረ። በስተእርጅናው ችግር ላይ ሲወድቅ፣ የማዕድ ወዳጁ የኖርፎክ መስፍን በሰሪ ግዛት ብሮካም በተባለ ቦታ ቤት ሰጠው፤ ገጠርን የሸሸው ገጣሚ መኖሪያው ገጠር ሆነ። በ1831 ማኅበሩን ተሰናበተ፤ በ1835፣ ወደ ዘጠና ዓመት ሲጠጋ፣ እንደገና መጥቶ ከወዳጆቹ ጋር ተቀመጠ፤ ትልቅ የብር ጽዋም ሸለሙት። በ1838 ሞተ።

የሞሪስ ዘፈኖች በሕይወቱ ሳለ ብዙ ጊዜ ታትመው ተሸጠዋል፤ ዛሬ ግን የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ያነበብኋቸው ጥቂቶቹ በወረቀት ላይ ቀዝቅዘው አግኝቻቸዋለሁ። ይህ የችሎታ ጉድለት ብቻ አይመስለኝም። ለአንድ ገበታ የተጻፈ ግጥም ግማሹ የሚገኘው በአድማጩ ዓይን ውስጥ ነው፤ ማን እንደተነካ፣ ማን እንደቀላ፣ የትኛው ቃል የትኛውን የአምና ወሬ እንደቀሰቀሰ ያወቁት በዚያ የተቀመጡት ብቻ ናቸው። የእኛም የአዝማሪ ቤት ቅኔ በማግሥቱ ሲተረክ ይኸው ይገጥመዋል።

በ1808 መስከረም 20 ቀን ኮቬንት ጋርደን ቲያትር ቤት ተቃጠለ። ሃንደል በኑዛዜ ለሪች የተወው ኦርጋን ነደደ፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። የማኅበሩም ንብረት ወደመ፤ ከፍርስራሹ ግን የመጀመሪያው ፍርግርግ ብረት ተገኘ። ብረት አይደል፣ እሳት ምን ያደርገዋል! አባላቱ ለጊዜው በአንድ ቡና ቤት ሲሰበሰቡ ከቆዩ በኋላ፣ በ1809 አርኖልድ ወደሚያስተዳድረው ወደ ሊሲየም ቲያትር ቤት ገቡ። እርሱም በ1830 የካቲት ወር ተቃጠለ፤ ፍርግርጉ አሁንም ተረፈ። ቲያትር ቤቱ እንደገና ተሠርቶ ማኅበሩ በ1838 የተመለሰበት ክፍል ለእርሱ ተብሎ የተዘጋጀ ነበር። ግድግዳው በባሉጥ እንጨት የተለበደ፣ በየቦታው የፍርግርግ ምስል የተቀረጸበት፣ በጣሪያው መካከልም አሮጌው ፍርግርግ የተሰቀለበት ነው። ከወጥ ቤቱ የሚለየውም በር በፍርግርግ መልክ ስለተሠራ፣ ምግብ አብሳዮቹ በፍሙ ብርሃን ሲሠሩ እንደ መድረክ ትርኢት ይታያሉ። ከበሩ በላይ ከሼክስፒር «ማክቤዝ» የተወሰደ፣ ሥራ ከተሠራ ፈጥኖ መሠራቱ እንደሚሻል የሚናገር ስንኝ ተጽፎበታል። በተውኔቱ ውስጥ ስለ ነፍስ ግድያ የተነገረ ነው፤ እዚህ ስለ ስቴክ ሆነ።

ማኅበሩን የገደለው እሳት አልነበረም። የእራት ሰዓት እየመሸ ሄደ፤ ባቡር ከመጣ ወዲህ ቅዳሜን በከተማ የሚያሳልፍ ባለጸጋ እየጠፋ ሄደ፤ መንገዱ ሁሉ በታላላቅ ክለቦች ተሞላ። በቀልድ መሐላ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መገሠጽ ለአዲሱ ዘመን ጨዋ ሰው የሚያሳፍር ሆነ። በ1867 የአባላቱ ቁጥር 18 ደርሶ ነበር፤ ከእነርሱም ለእራት የሚመጡት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚታየኝ ግን ሌላ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በገበታው ዙሪያ የቀረ የቲያትር ሰው ኢምንት ነበር። ምድጃው ከመድረኩ ተለይቶ ነበር። ቀልዱን የሚፈጥሩት ሄደው ቀልዱን የሚጠብቁት ብቻ ቀሩ። ወንበሩ፣ ጽዋው፣ የአባላቱ ሥዕልና ቢላው ሁሉ በክሪስቲ የሐራጅ ቤት ተሸጠ፤ ከ600 ፓውንድ ጥቂት የሚበልጥ ገንዘብ አወጣ። ዋልተር አርኖልድ የተባለ የማኅበሩ ሰው በ1871 የማኅበሩን ሕይወትና ሞት የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከላይ የተነገረው ሥርዓት አብዛኛው ተጠብቆ የቆየልን በዚያ ነው። በ1966 ጥቂት ሰዎች ማኅበሩን በአሮጌው ደንብ መልሰው አቋቁመውታል፤ ከመካከላቸው የቀድሞዎቹ አባላት ተወላጆች ይገኙበታል።

በሊሲየም የነበረው ክፍል ግን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ነፍስ ዘርቶ ነበር። ተዋናዩ ሄንሪ ኢርቪንግ በ1878 ቲያትር ቤቱን ሲይዝ፣ የማኅበሩ ክፍል የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ ሆኖ አገኘው። አስጠርጎ፣ ከትርኢት በኋላ ተዋንያንን፣ ደራስያንን፣ ከሩቅ አገር የመጡ መንገደኞችን እኩለ ሌሊት ላይ ያበላበት ጀመር። የቲያትር ቤቱ የሥራ ኃላፊ የነበረውና «ድራኩላ»ን በ1897 ያሳተመው ብራም ስቶከር ስለነዚያ ሌሊቶች በ1906 ባወጣው የትዝታ መጽሐፉ በሰፊው ጽፏል። በዚያ ክፍል እንደገና ሜካፑን በቅጡ ያልጠረገ ንጉሥና ጎራዴውን ያልፈታ ወታደር ሥጋ እየቆረጡ ስለሚቀጥለው ተውኔት ተከራከሩ። ኢርቪንግ ከሊሲየም ከወጣ በኋላ ሕንፃው ከፊት ለፊቱ ዓምዶች በቀር ፈርሶ በ1904 እንደገና ተሠራ፤ ክፍሉም ከዚያ ወዲያ የለም። ዓምዶቹ ዛሬም ቆመዋል። ከ1999 ጀምሮ በዚያ መድረክ ላይ ሲታይ የኖረው የሙዚቃ ድራማ ስለ አንበሶች ነው።